የበያጁ ደረት

ነገሩ የተጀመረው ሲስተሯ «አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው» ብላ በሩን የዘጋች ዕለት ነው። እውነቱን እናውራ ካልን ግን የተጀመረው ልጅቷ የተወለደች ጊዜ ነው። ቅናት ዓመታት አድፍጦ ኖሮ አንድ ቀን በማይረባ ሰበብ ብድግ የሚል ነገር ስለሆነ፣ እኛም ከሲስተሯ በር እንጀምር።

ሦስቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቶቿ ባዶ ሲሆኑ ስለማይመቻቸው የገዛ ቀሚሷን ጠርዝ ይዛ ስፌቱን ትመረምራለች። አባትየው በያጅ ነው፤ ብረት ሲበይድ የሚረጨው የእሳት ፍንጣሪ ሸሚዙን ወንፊት አስመስሎታል። በመካከላቸው ልጃቸው አለች። በመዝገብ ስሟ የሚጠሯት አስተማሪዎቿ ብቻ ናቸው፤ ቤቱም ሰፈሩም የሚያውቃት «እፍኝ» በሚለው ነው። ስትወለድ የተቀበለቻት አዋላጅ «ይቺማ እፍኝ አትሞላም» ብላ ነበርና ስሙ እዚያው ተጣበቀባት። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከእናቷ ትከሻ አልፏል። ያለ ጊዜዋ መወለዷ ግን አብሯት አድጓል። መነጽሯ ወፍራም ነው፤ ብርድ ሲሆን ደረቷ ያፏጫል፤ ቀኝ ተረከዟ መሬት አይነካም። ዶክተሩ ያጠረውን የተረከዝ ጅማት ቀዶ ሊያስረዝመው ቀጠሮ ሰጥቷታል።

«እና ከሁለታችን ማን ያስታምምሽ?» አለች እናት፣ ነገሩን ቀላል አስመስላ።

ልጅቷ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገችና ወደ አባቷ ዞረች። በቃ፣ መልሱ እሱ ነበር።

«አንቺማ ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነው እማዬ» አለች ቶሎ ብላ። «ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ዩኒፎርሙ ሁሉ አንቺ ጋ ነው።»

«አይ፣ ደግ አድርገሻል» አለች እናት። «እኔ ምን አገባኝ! እንዲያው ሳልፍ ስላገኘኋችሁ ነው የተቀመጥኩት።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። ንግግር ሲጠበቅበት ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከዚያ ንግግሩ ሳይመጣ ቀረ።

ወደ ቤት ሲሄዱ እናትየው ከፊት ከፊት ነበረች። ባሏ ሌላ ሴት ይዞባት ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ሴትዮዋን ትሰድባለች፣ ፀጉሯን ትነጫለች፣ ጎረቤትም «አበጀሽ!» ይላታል። በገዛ ባልሽ፣ ያውም በገዛ ልጅሽ ስትቀኚ ግን ለማን አቤት ይባላል? ማን ያዝንልሻል? «አባቷን የምትወድ ልጅ ሰጠሽ፣ ተመስገን በይ» ነው የሚሉሽ። እሷም አፏን ሞልታ ተናግራው አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖረች፤ ሆዷንም ፈጀው።

እንግዲህ ወደ ኋላ እንመለስ። ልጅቷ የመጣችው ቀኗ ገና ሩቅ ሳለ ነው። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን አሮጌ የእግር መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ወገቧን ጨምደድ አደረጋት። መቀመጥ አብዝቼ ነው አለችና አንድ ኮሌታ ጨመረች። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምታውቀው በወሬ ነው። ደም ፈሰሳት፣ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ትኩሳት ያዛት። እሷ በአንዱ ሕንጻ ራሷን ሳታውቅ ስትቃዥ፣ ልጇ በሌላው ሕንጻ ማሞቂያ ሣጥን ጠፋላት፤ ሣጥኖቹ ከእሷ በባሱ ሕፃናት ተይዘው ነበር። ሲስተሮቹ አባትየውን «ሸሚዝህን አውልቅ» አሉት። ልጅቷን ራቁቷን ደረቱ ላይ አስተኝተው፣ ገላ ለገላ፣ በጨርቅ ጠፍረው አሰሩበት። የብየዳ ሥራውን ትቶ ቀን ከሌት እንደዚያ ሆኖ ተቀመጠ።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እሷ አልነበረችም። ትልቁ ቁስሏ ይህ ነው። የልጇን የመጀመሪያ ቀናት የሚያውቀው ሰው ባሏ ነው፤ እሱ ደግሞ የማይናገር ሰው ነው።

ትኩሳቱ ሲለቃት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ወሰዷት። ክፍሉ ውስጥ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ደረታቸው ላይ አስረው በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው አንድ ወንድ፣ የእሷው በያጅ፣ ከደረት ፀጉሩና ከፍንጣሪ ጠባሳው መሀል አንዲት ትንሽ ኮፍያ ብቅ ብላለች። ሴቶቹ ለምደውታል። «ወተት ብቻ ነው የጎደለው!» አለች አንዷና ሁሉም ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። እጇን ዘረጋች።

ሲስተሯ ልጅቷን ፈትታ እናቷ ደረት ላይ አስቀመጠችላት። ምን ያህል ጠብቃ ነበር! ሕፃኗ ግን ፊቷን አጨማደደች፣ ድምፅ የሌለው ለቅሶ አለቀሰች፣ ትንፋሿን ያዝ አደረገችው። ጎን ያለው ማሽን ጮኸ። ሲስተሯ በርጋታ ወሰደችና ለአባትየው መለሰቻት። እሱ አንገቱን ወደ ሕፃኗ ደፍቶ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ወዲያው ማሽኑም ልጅቷም ዝም አሉ።

«አይዞሽ፣ እሱን ስለለመደች ነው» አለች ሲስተሯ።

ልብስ ሰፊዋ የሰማችው ሌላ ነው። «አንቺን አታውቅሽም» ሲሏት ነው የሰማችው። የማሽኑም ጩኸት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ማን ተሸከማቸው ብትሉ፣ እሷ ናት። ወተቱን በጠብታ የሰጠች እሷ፤ ደረቷ ሲያፏጭ ቀጥ አድርጋ ታቅፋት የተቀመጠች እሷ፤ ከዓይን ሐኪም እግር ሐኪም፣ ከእግር ሐኪም ሳንባ ሐኪም ያንከራተተች እሷ። ሰው «እንዴ፣ ገና አልሄደችም?» ሲላት «ትሄዳለች፣ አንተ መንገዱን ልቀቅላት» ብላ የመለሰችም እሷ ናት። በየጠዋቱ ደግሞ የእግሯ ነገር አለ። ተረከዟን በመዳፏ ይዛ ጣቶቿን ወደ ላይ መግፋት፣ ጅማቱ እስኪወጠር መግፋት። ያማል። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ «ክፉ! ክፉ ነሽ!» ትላለች። እናት ጥርሷን ነክሳ ትገፋለች። ሲያበቃ ልጅቷ በጣቷ እየነጠረች በቀጥታ ወዴት? ወደ አባቷ ደረት።

እዚያ ስትደርስ ያ ማጉረምረም ይጀመራል። አባት አገጩን አናቷ ላይ ያስደግፋል፣ ከንፈሩን ገጥሞ ከደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይላታል። ልጅቷ ቀስ በቀስ ትረግባለች። እናት ከግድግዳው ወዲያ ሆና ጉምጉምታውን ትሰማለች፤ ቃሉን ግን መለየት አትችልም። ጠጋ ስትል ያቆማል።

«ምንድን ነው የምትላት?»

«ምንም።»

«ምንም ይሄን ያህል ጊዜ ይወራል?»

አባትና ልጅ ተያይተው ይሥቃሉ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እንደሚባለው ነው፤ ከበያጁ አፍ ደግሞ ዝንቡም አይወጣም። ልብስ ሰፊዋ ስታስበው ስታስበው፣ ያ ጉምጉምታ ስለ እሷ መስሎ ታያት። «እናትሽ እኮ ያን ጊዜ አልነበረችም» የሚላት መሰላት። እንዲህ ያለ ሰው አለመሆኑን ታውቃለች። ቅናት ግን የምታውቀውን ነገር መች ይጠይቅሻል?

ሌላም አለ። ልጅቷ ሕፃን ሳለች እናቷ ገና መኪናዋ ላይ ቁጭ ስትል ልጅቷን እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ የዚያች ዓይን ይከደናል። ጎረቤት «ታድለሽ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት፣ ሥራ አታስፈታ!» ይላታል። እሷ ግን ተቀየመች። «ለእኔ እንቅልፏን፣ ለእሱ ጨዋታዋን» አለች። አሮጌዋ መኪና ስታስቸግራት የኤሌክትሪክ ገዛች፤ ድምፅ የሌላት፣ ውኃ እንደሚፈስ ብቻ የምትል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቀን ቀን መተኛት ተወች። በሩ ላይ ቆማ አባቷን መጠበቅ ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ይህንንም ከቂሟ ላይ ደረበችው። አሁንስ እንቅልፏንም ነፈገችኝ አለች።

አሮጌዋ መኪና አልተሸጠችም፤ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። የሚገዛም አልተገኘላትም። ፔዳሉን ከጎማው የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋ በእርግዝናዋ ጊዜ ተበጥሶ፣ ባሏ በጠንካራ ሽቦ ሰፍቶ መልሶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽቦው ጎማውን ባለፈ ቁጥር ጠቅ ትላለች። «በያጅ አግብቼ መኪናዬን አንካሳ አደረገብኝ» እያለች ትቀልድ ነበር። ልጇ በጣቷ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ግን ያን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም።

እንግዲህ ወደ ቀጠሮው። አንድ አስታማሚ። ልብስ ሰፊዋ ዩኒፎርም እየቀደደች፣ እየሰፋች፣ እየተረተረች አሰበችበት። ያን ጊዜ ሆስፒታል የነበረው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ልጇ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ አልጋ ላይ ልትተኛ ነው። ከሰመመን ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው ፊት የማን ይሆናል? የምትደገፈውስ ደረት የማን? ይቺን አንዲት ቀን ካገኘሁ ሌላው ይቅርብኝ አለች። አንዴ ብቻ። ልጄ አሟት እኔ ጋ ትምጣ፣ እኔ ጋ ትረጋ።

በማግስቱ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች፣ የደም ምርመራ ውጤት ላምጣ ብላ። ውጤቱን ይዛ ተመለሰች፤ ከውጤቱ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ይዛ።

«የምትተኛበት ክፍል የሴቶች ነው» አለች እራት ላይ፣ ሳህን እያነሳች። «ወንድ አስታማሚ አይገባም አሉኝ።»

ባሏ ቀና አለ። «ሲስተሯ ማንም ይሁን ብላ አልነበር?»

«እሷ አዲስ ናት። አለቃዋ ናት የነገረችኝ።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የታየው ነገር እናቷን ሊያሳፍራት ይገባ ነበር፤ አላሳፈራትም። ደስ ነው ያላት። እጆቿ እንኳ ቀለሏት፤ ሳህኑን ስታጥብ አንጎራጎረች።

የቀዶ ጥገናው ዕለት በያጁ እስከ ግቢው በር ሸኛቸው። ልጅቷን አቀፋት፣ አገጩን አናቷ ላይ አሳረፈ፣ ያችን ጉምጉምታ ትንሽ አላት። ከዚያ ዘበኛው አጠገብ ካለው የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ። «እዚሁ ነኝ» አለ። ልብስ ሰፊዋ የአስታማሚ ካርዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች። ሜዳልያ ያጠለቀች ነው የምትመስለው።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ዶክተሩ «ጅማቷ እሺ ብሎናል» አላት። ልጅቷን እግሯ እስከ ጉልበቷ በጄሶ ተጠቅልሎ በአልጋ እየገፉ አመጧት፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ አልጋው ላይ ወድቋል። እናትየው ወንበሯን ስባ ተጠጋች። ፀጉሯን አበጠረች፣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች። እንግዳ የምትቀበል ትመስላለች።

ልጅቷ ነቃች። መጀመሪያ ዓይኗ ተንከራተተ፣ መነጽሯ የለም። ከዚያ ሕመሙ መጣ። ማልቀስ ጀመረች፣ ለቅሶው ደረቷን ቀሰቀሰው፣ ደረቷ ማፏጨት ያዘ። ጥርሷ ይንቀጠቀጣል።

«አለሁ የኔ ልጅ፣ እማዬ ነኝ፣ አለሁ» አለች እናት። ራሷን ቀስ ብላ አንስታ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። እሹሩሩ አለች፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች፣ የምታውቀውን ሁሉ አለች። ይህችን ቅጽበት አሥራ አራት ዓመት ስትለማመዳት ኖራለች።

ልጅቷ ጆሮዋን እናቷ ደረት ላይ አድርጋ የሆነ ነገር ጠበቀች። ጠበቀች። ከዚያ በእጇ ገፋቻት።

«አይደለም» አለች፣ በሰመመን ምላሷ እየተሳሰረ። «ይሄ አይደለም… አባዬስ? አባዬ!»

ጣቷ ላይ የተሰካው ሽቦ የተያያዘበት ማሽን ጮኸ። ያው ድምፅ ነው፣ የያኔው። ልብስ ሰፊዋ በወንበሩ ላይ ድርቅ አለች።

ሲስተሯ ሮጣ ደረሰች፣ ያቺው በሩን የዘጋችባቸው። የኦክስጅኑን ጭምብል ልጅቷ ፊት ላይ አደረገችላት፤ ልጅቷ አውልቃ ጣለችው። «ለቅሶዋን ካላቆመች ትንፋሹ አይስተካከልም። አባቷን ነው የምትጠራው፣ የለም እንዴ?»

«አይ… ወንድ አይገባም ስላላችሁ…» ብላ ጀመረች ልብስ ሰፊዋ። ውሸቷን ለሲስተሯ ለራሷ ልትሸጥላት ነው እንግዲህ!

«ማን ነው ያለው? እኛ አንድ ሰው ይሁን ነው ያልነው። በሩ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ሰውዬ አባቷ አይደለም? በይ ጥሪው!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ምን እንደተሰማት ያን ጊዜ ገባት። ደረጃውን በባዶ እግሯ ወረደች፤ ጫማዋን እንድታደርግ የሚያስታውሳት አልነበረም። ማሽኑ ከኋላዋ ይጮሃል፤ ወይም ጆሮዋ ነው።

በያጁ ስትሮጥ ሲያያት ተነሳ።

«ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። አንተን ነው የምትለው። ውሰድ፣ ግባ» ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። ከዚያ፣ ዝም ብትል የሚያንቃት ስለመሰላት፣ «ዋሽቼህ ነው። ወንድ አይገባም ያለኝ የለም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ዘበኛው ጠዋት ነግሮኛል። ወንዶቹ ሲገቡ ሲወጡ እያየሁ ነው የዋልኩት።» ካርዱን አንገቱ ላይ እያጠለቀ መንገድ ጀምሯል። «ተናደድኩ። ትሞክረውና ትየው ብዬ ተቀመጥኩ። እኔም ጥሩ አልሠራሁም።»

በሕይወቷ ከዚህ ሰው አፍ ይህን ያህል ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

እሱ በሩጫ ገባ፤ እሷ ዘበኛውን «ቦርሳዬንና ጫማዬን ረስቼ ነው» ብላ ተከተለችው። ዘበኛው ባዶ እግሯን አየና አሳለፋት። ክፍሉ በር ላይ ሲስተሯ ሁለቱንም አየቻቸው። አንድ ካርድ፣ ሁለት ሰው። «ቦርሳሽን ይዘሽ ቶሎ ውጪ» አለችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ሌላ አልጋ ሄደች።

በያጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ የሸሚዙን ቁልፎች ፈታ፣ የልጁን ራስ በዚያ በፍንጣሪ ጠባሳ በተሞላ ደረቱ ላይ አደረገ። አገጩን አናቷ ላይ አሳረፈ። ሚስቱ መቆሟን አላስተዋለም፤ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ግድ አልሰጠውም። ከንፈሩን ገጠመ።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን እንደያዘች እጅ በሚደርስበት ርቀት ላይ ቆማለች። ይህን ያህል ቀርባ ሰምታው አታውቅም። ቃል የለውም። ትርርርርር ነው የሚለው፣ ዝቅ ብሎ፣ ከጉሮሮው። ከዚያ በምላሱ ጠቅ። እንደገና ትርርርርር፣ ጠቅ።

ከእሷ በፊት ያወቀችው እግሯ ናት። ቀኝ እግሯ ባዶውን ወለል ላይ ከተረከዝ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ተረከዝ መርገጥ ጀምራለች። ድምፁ ቀዝቀዝ እያለ መጣ፤ ስፌቱ ጥግ ሊደርስ ነው። ቆመ። ክሩ እንዳይተረተር ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ትር፣ ከዚያ ጨርቁ ዞሮ እንደገና ወደ ፊት፣ ትርርርርር፣ ጠቅ። በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያ የምትል አንዲት መኪና ብቻ ናት ያለችው። ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች።

«አንተ» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «የኔ መኪና ናት እኮ።»

በያጁ አፈረ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ታዲያ የማን ልትሆን ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው። ያን ጊዜ እኔም ላይ አልረጋም ብላ ነበር እኮ፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ሲስተሮቹ ይሯሯጣሉ። አናግራት፣ ድምፅህን ትስማ አሉኝ። እኔ ምን ወሬ አውቃለሁ? ግራ ሲገባኝ፣ ሆድሽ ውስጥ ሆና ቀኑን ሙሉ ስትሰማ የከረመችው መኪናዋን አይደል አልኩ። እሷን ስላት ዝም አለች።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ። የገዛ መኪናሽ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ይሄን የሚያህል ሰውዬ ትርርር ይላል ተብሎ ለሰው ይወራል?»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችው። እነዚያ እንቅልፎች ትዝ አሏት፣ ገና ፔዳሉን ስትረግጥ የሚከደኑት ዓይኖች። ተቀይማባቸው ነበር። ልጅቷ ያን ሁሉ ቀን ወደ እሷ ነበር የመጣችው፤ እሷ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገዝታ በሩን ዘጋችባት። ይህ ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም መጣ፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አቃታት።

በያጁ ሳል ያዘው፤ የብየዳው ጢስ ሳል ነው፣ ሲጀምረው አይለቅም። ፊቱን አዙሮ ሲስል ልጅቷ ተቁነጠነጠች፣ ደረቷ እንደገና ፉጨት ሊጀምር ነው። እናት አልጋው ሌላኛው ጎን ላይ ተቀመጠች።

«ደግሞ አሳስተኸዋል» አለች በሹክሹክታ። ቅናት በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። «ጥግ ላይ ሁለቴ ነው የምመለሰው። አንተ አንዴ ብቻ ነው ያደረግከው።»

ራሷን ወደ ልጇ ደፋች፣ አገጯን አናቷ ላይ አሳረፈች፣ ከንፈሯን ገጠመች። መጀመሪያ አልወጣላትም። ከዚያ እግሯን ወለሉ ላይ መርገጥ ስትጀምር መጣ። ረጅም ስፌት፣ የሱሪ ጎን። ጠቅታዋን አልረሳችም። ጥግ ላይ ስትደርስ ቀዘቀዘች፣ ሁለቴ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ዞረች።

የልጅቷ ትንፋሽ ተከተላት። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ቀስ እያለ ወጣ። ራሷ ከአባቷ ደረት ተንሸራቶ እናቷ አንገት ሥር ተወሸቀ፣ እዚያም ቀረ። ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች።

«እማዬ» አለች በእንቅልፍ ድምፅ። «አንቺም ቻልሽው?»

«እህ።»

«ከአባዬ ነው የተማርሽው?»

በያጁ አፉን ከፈተ። ያ የማይናገር ሰው፣ ሊናገር። ልብስ ሰፊዋ ከልጇ አናት በላይ አየችው፣ ጠንከር አድርጋ። አፉን ዘጋ።

«አዎ» አለች። «ከአባትሽ ነው።»

ከዚያ ስፌቱ ገና ስላላለቀ ቀጠለች።